የቅዳሜ ቀለም፣ የሰኞ ቁጣ

የፀጉር ቤቱ ባለቤት መታወቂያዋ ላይ የተጻፈ ጥሩ ስም አላት፤ በሱ የሚጠራት ግን የለም። ሰፈሩ በሙሉ "እትዬ" ነው የሚላት። በዕድሜ የሚበልጧት ሴቶች እንኳ እትዬ ይሏታል፤ ታናሽ እህቷ ስትጠራት ሰምተው የለመዱት ነው። ታናሺቱ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት፣ አግብታና ወልዳ እንኳ "ትንሿ" ከመባል አልዳነችም። ሁለቱ በአንድ በር ገብተው በአንድ መስታወት ፊት ቆመው አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ሰላም ነበር።

ቤቱ ጠባብ ነው። መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን በደንብ በሚገባበት በኩል የእትዬ ወንበር አለ፤ ቀለም የሚቀባው እዚያ ነው። ከውስጥ በኩል፣ ከመታጠቢያው ገንዳ አጠገብ የትንሿ ወንበር አለ። በሁለቱ መሃል አራት እርምጃ ቢሆን ነው። እትዬ ከዚያ ወንበር የሚወጣውን ሳቅ ሁሉ ትሰማ የነበረውም ለዚህ ነው።

እትዬ በቀለም የታወቀች ናት። እሷ የሸፈነችው ሽበት የተሸፈነ አይመስልም፤ ሴትዮዋ ስትወለድም ያው ፀጉር የነበራት ይመስላል። እንዴት ነው ሲሏት ጣቷን ታሳያለች። ቀለሙን ከቀላቀለች በኋላ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል አሽታ ውፍረቱን ታያለች፤ በብሩሽ የጀመረችውንም በባዶ እጇ ታዳርሰዋለች። ጓንት ዕቃ ለሚያጥብ ሰው ነው ባይ ናት። ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁረት በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለቆ አያውቅም፤ ሌላዋ ሴት ቀለበቷን እንደምታሳይ እሷ ያንን ታሳያለች። ትንሿ ጓንት ስታጠልቅ ባየች ቁጥር በሽተኛው የት አለ እያለች ደንበኛ ታስቅባት ነበር። ትንሿም አብራ ትስቃለች፤ ጓንቷን ግን አታወልቅም።

እናታቸው ስትሞት እትዬ ሃያ ዓመቷ ነበር፣ ትንሿ ስምንት። እትዬ ፀጉር ቤት ገብታ የሰው ራስ እያጠበች ልጅቷን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሊያገባት ጠይቋት ያውቃል። ጥሩ ሰው ነበር፤ ብቻ አንድ ቀን "ልጅቷን ለዘመድ ስጫት" ብሎ ከአፉ አመለጠው፣ እሷም በሩን አሳየችው። ይህን ለትንሿ ነግራት አታውቅም። ቆጭቷትም አያውቅም ነበር፤ መቆጨት የጀመረችው መቅናት ስትጀምር ነው።

ቅናቱ የገባው በአንዲት ቀላል ቃል ነው። ሰፈሩን ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህርት አሉ፤ የእትዬ የመጀመሪያ ደንበኛ ናቸው። አንድ ቀን ገብተው ሻርፓቸውን እየፈቱ፣ ዛሬ ትንሿ ትጠበኝ፣ እጇ ደስ ይለኛል አሉ። ይኸው ነው። እትዬ ፈገግ ብላ "ምን ችግር አለ" አለች፤ ያቺን ቃል ግን ማታ ቤቷ ይዛት ገባች። ከዚያ በኋላ ጆሮዋ ሌላ ነገር መስማት አቆመ። የባንኳ ሠራተኛ ትንሿን ስትጠይቅ ሰማች። ባለ ሱቋ ለትንሿ ስትቆይ፣ የእትዬ ወንበር ባዶ መሆኑን እያየች "አልቸኩልም፣ እጠብቃታለሁ" ስትል ሰማች።  እሷ ያስተማረቻት እጅ፣ እሷ የገዛችው ወንበር፣ እሷ ያሳደገቻት ልጅ፤ ታዲያ ምን አጥታ ነው የምትጠበቀው ትንሿ የሆነችው? ማታ ቤቷ ገብታ ትንሿ ባል እንዳላት፣ ሴት ልጅ እንዳላት፣ አሁን ደግሞ ደንበኛ እንዳላት ስታስብ ራሷን ታገኘዋለች። ታፍራለች፣ ግን ማሰቡን አትተወውም።

እጇን የበላት በዚሁ ሰሞን ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር። በመጀመሪያ በጣቶቿ መሃል አሳከካት፤ ወደ ማታ ደም ደም መሰለ፤ በማግስቱ ጥቃቅን ውኃ የቋጠሩ ነገሮች ወጡበት። ሐሙስ ገደማ ደርቆ ተላላጠ። ጠፋ ስትል በሚቀጥለው ሰኞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላም ሰኞ ሰኞ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ከተፍ ይል ጀመር።

የዚያ ቤት ሳምንት የታወቀ ነው። ቅዳሜ የቀለም ቀን ነው፤ ሴቱ ሁሉ ለእሑድ አምሮ መውጣት ስለሚፈልግ እትዬ ከጠዋት እስከ ማታ እጇ ከቀለም አይወጣም። እሑድ ዝግ ነው። ሰኞ የመታጠቢያ ቀን ነው፤ ቀለም የሚባል አይነካም፣ ሁለቱም ገንዳው ላይ ይውላሉ። እንግዲህ ሰኞ የሚመጣ ነገር ጥፋቱ የሰኞ ነው ብላ ማሰቧ አያስፈርድባትም። ሰኞ የሚነካው ደግሞ ሻምፖ ነው። ሻምፖውን ያመጣችው ማን ናት? ትንሿ ናት። አረንጓዴ ጠርሙስ፣ የፖም ሽታ ያለው፣ ደንበኛ ሁሉ የወደደው። እትዬ ስትደርስበት የተሰማት ንዴት ብቻ አልነበረም፤ ትንሽ ደስታም ነበረበት። በመጨረሻ ትንሿ ላይ የሚለጠፍ አንድ ጥፋት ተገኘ።

ጠርሙሶቹን ሰብስባ ከደጅ አወጣች። እህቷ ደንግጣ፣ ሌላ ማንንም እኮ አልነካም ስትላት፣ እኔን ነክቶኛል ብላ ዘጋቻት። ያም አልበቃት። እጇን ላየ ደንበኛ ሁሉ፣ እህቴ ባመጣችው ሻምፖ ነው እንዲህ የሆንኩት እያለች አወራች። በዝግታ፣ እያዘነች፣ አላማርራትም በሚል ድምፅ ነው የምታወራው። ከዚህ የከፋ ወሬ የለም። ትንሿ አራት እርምጃ ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማለች፤ አንገቷን ደፍታ ፀጉር ታጥባለች።

ሻምፖው ሄደ፤ እጁ ግን አልዳነም። ሰኞ በመጣ ቁጥር ይቆጣል። እትዬ ሳሙና ቀየረች፣ የልብስ ማጠቢያውን ዱቄት ቀየረች፣ ቅባት በቅባት ሆነች። የሚለወጠው ሁሉ ሲያልቅ አንድ ያልተለወጠ ቀረ፤ እህቷ። አንድ ነገር አድርጋብኝ ይሆን የሚል ሐሳብ ገባት። መጀመሪያ ጊዜ ስታስበው በራሷ ደነገጠች፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ለመደችው። ትንሿ ውኃ ስትቀዳላት በመስታወት ውስጥ ታያታለች። ፎጣ ስታቀብላት ታሸተዋለች። የትንሿ እጅ ለስላሳና ንጹሕ መሆኑ ራሱ ማስረጃ ሆነባት። አንድ ቤት፣ አንድ ውኃ፣ አንድ ሥራ፤ ታዲያ የእሷ ሲቆስል የዚያችኛዋ ለምን ደህና ሆነ? የራሷን እጅ የሽርጥ ኪሷ ውስጥ እየደበቀች የእህቷን እጅ ስታይ ትውላለች።

ይህ ሁሉ የፈነዳው የራሷ ሽበት ሁለት ጣት ያህል ነጭ ሆኖ በወጣ ጊዜ ነው። ቀለም ቀቢ ሆና ሽበቷ እየታየ ደንበኛ ፊት ልትቆም አልፈለገችም፤ በተለይ የትንሿ ፀጉር እንዲያ ጥቁር ሆኖ። ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ በሯን ዘግታ፣ ቀለሟን ቀላቅላ፣ ራሷን ራሷ ቀባች። እሑድ የራስ ቅሏን በላት። ሰኞ ጠዋት ስትነቃ ዓይኗ አልገለጥ አላት። ግንባሯ አብጦ ቅንድቧ ላይ ወድቋል፤ ጆሮዋ ከኋላው ውኃ ያዣል። ሥራ የገባችው ትንሿ ፀጉር ቤቱ እንደተዘጋ አግኝታ፣ እቤቷ ሄዳ አንኳኳች፤ ገብታ ስታያት ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችላት፣ ክንዷን ይዛ ወደ ክሊኒክ ወሰደቻት። እትዬ መንገዱን ሁሉ እጇ ውስጥ ሆና እየተመራች፣ ይቺው ናት ያደረገችብኝ እያለች ታስብ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ትንሿ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣት ካርድ ልታወጣ ሄደች። ነርሷ መጥታ እጇን ይዛ ወደ ክፍሉ አስገባቻት፤ ዕድሜዋን ጠየቀች፣ ሥራዋን ጠየቀች፣ እየጻፈች ቀጠለች።

"የማይስማማዎት ነገር አለ?"

"አለ" አለች እትዬ።

"ምንድን ነው?"

"እህቴ።"

የእስክሪብቶው ድምፅ ቆመ። "ምግብ ወይም መድኃኒት ማለቴ ነው" አለች ነርሷ።

"ገብቶኛል። ምግብም ሳይሆን፣ መድኃኒትም ሳይሆን የማትስማማኝ እህቴ ናት። ሥራዬን ወሰደች፣ ሰዎቼን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ይኸው ፊቴን።"

 ከኋላ በኩል፣ በሩ አጠገብ፣ የወረቀት ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሰው ካርድ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ የሚሰማው ዓይነት። ከዚያም የእህቷ ድምፅ ካርዱ ይኸው አለ። ከመቼ ጀምሮ ቆማ እንደነበር እትዬ አታውቅም። ዓይኗ ተጨፍኖ ፊቷን እንኳ ማየት አልቻለችም፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

እብጠቱ በኪኒንና በቅባት በሳምንት ውስጥ ጎደለ። የቆዳ ሐኪሟ ግን እንዲሁ አለቀቀቻትም። ቁጣው ሙሉ በሙሉ ይብረድ፣ እስከዚያ ቀለም እንዳይነኩ፣ ከዚያ ማንኛው እንደማይስማማዎት በጀርባዎ ላይ እንፈትናለን አለቻት፤ ሥራ ላይ የሚነካትን ሁሉ ይዛ እንድትመጣም ነገረቻት። አምስት ሳምንት ያህል እትዬ መስኮቱ አጠገብ ባዶ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሰው ስትቀበል ከረመች። የቀለሙ ሥራ ሁሉ ወደ ገንዳው አጠገብ ሄደ። ሽበቷ ራሷ ላይ እየሰፋ ነው። ትንሿ ለሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ ትናገራለች፤ እትዬ ፎጣው ደርቋል፣ እትዬ የቀለሙ ቱቦ አልቋል። ምሳ ታመጣላታለች፣ አብራት ግን አትበላም። እትዬ ይቅርታ ልትላት ከወንበሯ ትነሳና ከገንዳው በኩል ሳቅ ሲመጣ ተመልሳ ትቀመጣለች።

የፈተናው ሳምንት ደረሰ። ሰኞ ዕለት ሐኪሟ ከእትዬ ከረጢት ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ቀለሙን፣ ሳሙናውን፣ ያንን የፖም ሽታ ያለውን ሻምፖ ሳይቀር ለየብቻው እያቀጠነች፣ በጥቃቅን ካሬ ፕላስተር ጀርባዋ ላይ ለጠፈችው፤ ከራሷም መደርደሪያ ብዙ ጨመረችበት። ሁለት ቀን ሳይነሳ ይቆያል፤ ውኃ እንዳይነካው ተባለ። ማክሰኞ ራሷ ላይ የተቀባው ቅባት መታጠብ ነበረበት። ራሷን ለራሷ ብታጥብ ውኃው ወደ ጀርባዋ ይወርዳል። ሌላ የሚያጥብ ሰው ደግሞ በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ አለ።

ትንሿ አንገቷ ሥር ፎጣ ደርባ አስደገፈቻት፤ ውኃውን በክርኗ ፈተነችና ለቀቀችው። እትዬ በዚያ ወንበር ላይ በሕይወቷ ተቀምጣ አታውቅም። ጣራው ላይ ያለውን ስንጥቅ ያየችው ያን ጊዜ ነው። የእህቷ ጣቶች ከጆሮዋ ጀርባ ጀምረው ወደ ማጅራቷ ወረዱ። አካሄዱን አወቀችው፤ የራሷ ነው፣ እሷ ናት ያስተማረቻት። ግን አንድ እሷ ያላስተማረችው ነገር ነበረበት። እጁ አይቸኩልም። ቆስሎ የነበረው ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ራሷ እስኪላላ ይጠብቃል፣ ከዚያ ብቻ ያልፋል። እትዬ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የማንንም ራስ እንዲህ ጠብቃ አታውቅም። መምህርቷ እጇ ደስ ይለኛል ያሉት ይህን ነው። የባለ ሱቋ መጠበቅ ለዚህ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ትንሿ ደንበኞቹን በወሬ፣ በሳቅ፣ በወጣትነቷ ነው የሳበቻቸው ስትል ነበር የምትጽናናው። አሁን መጽናኛ አልቀረላትም፤ ልጅቷ በእርግጥም ትበልጣታለች። እንደዚያች ሰዓት ቀንታ አታውቅም፤ ውኃው ፊቷ ላይ ስለነበር እንባዋ አልታወቀባትም።

ትንሿ ፀጉሯን በፎጣ እየጠመጠመች ነገሩን ነገረቻት። በዋናው መንገድ ላይ ያለው ትልቁ ፀጉር ቤት ነይ ብሏታል። መልስ የምትሰጠው እሑድ ነው።

"ልትሄጂ ነው?" አለች እትዬ።

"የማልስማማሽ ከሆነ ምን እሠራለሁ" አለች ትንሿ፤ ገንዳውንም ማጠብ ጀመረች።

እትዬ ያን ሳምንት ፕላስተሯን ብታስነሳም ልቧ ፈተናው ላይ አልነበረም። እህቷ ብትሄድ ምን እንደሚቀራት ግልጽ ነው። እጇ ቀለም አይነካም፤ ቤቱ አይቆምም። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። በጠዋት በሩን እየከፈተ እትዬ አደርሽ የሚላት ሰው አይኖርም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት ብትጠፋልኝ ስትል የኖረችው ሊሆንላት ነው፤ ሊሆንላት ሲል ደግሞ አልፈለገችውም።

ዓርብ ጀርባዋን ለመጨረሻ ጊዜ ልታሳይ ብቻዋን ሄደች። ሐኪሟ ጀርባዋን በብርሃን አይታ በስልኳ ፎቶ አነሳችና አሳየቻት። ሰፊው ጀርባ ንጹሕ ነው፤ አንድ ካሬ ብቻ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውኃ ቋጥሯል። የፀጉር ቀለሙ ነው፤ ጥቁረቱን የሚሰጠው ነገር።

እትዬ አላመነችም። "ሃያ ስድስት ዓመት እጄን ስነክርበት ምንም ሳይለኝ?"

"ሰውነት ቂም የሚይዘው ቆይቶ ነው" አለች ሐኪሟ። "አንዱ በወሩ ይይዛል፣ አንዱ በሃያ ዓመቱ፣ አንዱ ጭራሽ አይዝም። ከያዘ በኋላ ግን አይረሳም።"

ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ በዝርዝር አስረዳቻት። ደም ውስጥ ጠባቂዎች አሉ፤ ነጭ የደም ሴሎች ይባላሉ፤ ሥራቸው በሽታ የሚያመጣውን ለይቶ መምታት ነው። አንዳንዴ ግን ይሳሳታሉ፤ በበሽታ ፈንታ ምንም ያላደረጋቸውን ነገር ጠላት ብለው ይይዛሉ። ስህተቱም ዓይነት አለው። ንብ ነድፏት ወይም መድኃኒት ወስዳ በደቂቃ ውስጥ ጉሮሮዋ የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት አለች፤ እዚያ ጥድፊያው የሚመጣው ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው የጠባቂዎቹ መሣሪያ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ነው። የእትዬ ግን ዘገምተኛው ነው። ጠባቂዎቹ ራሳቸው ተጠራርተው ከያሉበት እስኪሰበሰቡ አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። ቅዳሜ በነካት ነገር የሚቆጡት ሰኞ ነው።

እትዬ ሰኞ ሰኞ የከሰሰችውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበች።

"ያ ቀለም እንዲህ አቆሰለኝ እንግዲህ" አለች በመጨረሻ።

"እንደሱ እንኳ አይባልም። ያቆሰሉዎት የራስዎ ጠባቂዎች ናቸው። ቀለሙ ሌላው ሰው ላይ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር ነው። እነሱ ጠላት መጣ ብለው የተቆጡት ቁጣ ነው ቆዳዎን ያቃጠለው።"

"ሻምፖውስ?"

"ሻምፖው ምንም የለበትም። በደህና ይጠቀሙበት።"

ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ምክሯን ሰጠቻት። ራሷን ከእንግዲህ ቀለም እንዳትቀባ፤ በጥቁር ቀለም ቆዳ ላይ የሚሳል ሥዕል እንዳታሠራ፤ ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር ይህን እንድትናገር። እጇ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ቀለም ከሩቅ ይሁን፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን አንዴ ተደርጎ በሚጣል ጥሩ ጓንት እንጂ በባዶ እጅ በጭራሽ። እትዬ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። አእምሮዋ ግን ያላጠፋ ላይ የሚቆጡት ጠባቂዎቹ ብቻ እንዳልሆኑ፣ እሷም እንዲሁ እንዳደረገች እየነገራት ነበር።

ስትመለስ ትንሿ ብቻዋን ፎጣ ታጥፍ ነበር። እትዬ ሻርፏን ሳትፈታ በሩ ላይ ቆመች።

"ሻምፖሽ ምንም የለበትም አለችኝ።"

ትንሿ ማጠፏን አላቆመችም። "እኔስ?"

 "አንቺም" አለች እትዬ። "አንቺም ምንም የለብሽም። ቀለሙ ነው። ሌላው የኔ ጣጣ ነው።"

"እኔማ ምንም እንደሌለብኝ አውቃለሁ እትዬ። የነገርሽው ለእኔ አይደለም፤ ለሰው ነው። ያገሩ ሴት ሁሉ የእህቷን እጅ የበላች ብሎ ነው የሚያየኝ። ልጄ ሳትቀር ሱቅ ተልካ ሰምታ መጣች።" ፎጣውን አስቀመጠች። "ለሰው እንደነገርሽው ለሰው መልሺው። ከዚያ እቆያለሁ። ካልሆነ ሰላም እንሰነባበት።"

ከዚህ ይልቅ እግሯ ላይ ውደቂ ብትባል ይቀላት ነበር። እህቴ አልበደለችኝም ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ታዲያ ለምን እንዲያ አልሽ ይባላል። ለዚያ ደግሞ ያለው መልስ አንድ ነው፤ እሱን ከምትናገር ሰው ፊት ራቁቷን ብትቆም ይሻላት ነበር።

ቅዳሜ ቤቱ ሞላ። አንዷ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ናት፣ አንዷ ገንዳው ላይ፣ ሦስቱ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። መምህርቷ የመስኮቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ራሷ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ሆኖ፣ ሽርጧን አጥብቃ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ትላለች። አራት ጊዜ አፏን ከፍታ አራት ጊዜ ስለ አየሩ አወራች። እኩለ ቀን ገደማ ትንሿ ማበጠሪያዎቿን ሰብስባ በጨርቅ ስትጠቀልል አየች። ከልቧ እንደሆነ ገባት።

መምህርቷ እጇን አዩና ጠየቁ። "እጅሽ ዳነ መሰለኝ እትዬ። ከዚያ ሻምፖ ተገላገልሽ?"

እትዬ ሄዳ የካስኩን ማጥፊያ ተጫነች። ከሥሩ የነበረችው ሴት ምን ሆነ ብላ አንገቷን ብቅ አደረገች። ቤቱ ጭጭ አለ።

"ሻምፖው አይደለም" አለች። ድምፅዋ ወፍሮ የሷ አልመሰላትም። "ያን ሁሉ ያደረገኝ ቀለሙ ነው። ሐኪም አይቶታል። እህቴ ምንም አላደረገችኝም፤ እንዲያውም እጄን ይዛ ያሳከመችኝ እሷ ናት። እሷ ላይ ያወራሁትን ሁሉ ያወራሁት በቅናት ነው። እናንተ እሷን ስትፈልጉ ሆዴን እየበላኝ።"

 ትንሿ የጠቀለለችውን ጨርቅ እንደያዘች ቆማለች። እትዬ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ መጪውን ጠበቀች።

መምህርቷ በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት። "ቅናቱንማ እናውቃለን" አሉ፣ ረጋ ብለው። "ያላወቅነው ቀለሙን ነው።"

አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ሌላዋ አፏን ሸፈነች፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እትዬ ፊቷ እንደዚያ ሰኞ ጋለ። ሁለት ዓመት ደብቄዋለሁ ብላ የኖረችውን፣ እነዚህ ሁሉ ሴቶች እያወቁት፣ በቅናቷ ፊት ተቀምጠው ፀጉራቸውን ሲሠሩ ኖረዋል። ትንሿ አልሳቀችም። ጨርቁን ፈትታ ማበጠሪያዎቹን ወደ መደርደሪያው መለሰች፤ ጓንቷን አጥልቃ አራቱን እርምጃ ተራመደችና መስኮቱ አጠገብ፣ ከመምህርቷ ጀርባ ቆመች። ባዶውን የቀለም ሳህን አነሳች።

"ለእሳቸው ምን ከምን ነው የምትቀላቅይው?" ብላ በቀስታ ጠየቀቻት።

ያንን እትዬ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለማንም ነግራ አታውቅም። እህቷ ብርሃኑ ውስጥ ቆማለች፤ ብርሃኑም ያምርባታል። እትዬ ቀናች፣ ከምንጊዜውም በላይ ቀናች፤ ቀርባም ጆሮዋ ላይ ነገረቻት።